በባቡር ጣራ ላይ የቆመ የመስተዋት ሰገነት

በባቡር የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ መንገደኛ አገር የሚያየው በጎኑ ባለው መስኮት ብቻ ነው። ተራራው ከፊቱ ሲመጣ አያየውም፤ ካጠገቡ ሲደርስ እግሩን ብቻ አይቶ ያልፈዋል፤ ጫፉን ለማየት አንገቱን ቢያቀና ጣራው ይከለክለዋል። ወንዙ በስተግራ የሆነ እንደ ሆነ በስተቀኝ የተቀመጠው ሳያየው ይቀራል። ፊቱንም፥ ግራ ቀኙንም፥ ሰማዩንም እያዩ የሚሄዱ የባቡሩ ነጂና ረዳቱ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የሚቀመጡት ለሥራ እንጂ ለደስታ አይደለም።

ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጻችን አንባቢዎች የምናቀርበው ታሪክ፥ ያ የነጂው ወንበር በአሜሪካ አገር ወደ መንገደኛው እንዴት እንደ ተሻገረ፥ ከተሻገረም በኋላ ምን እንደ ደረሰበት የሚናገር ነው። ነገሩ የሞተርና የብረት ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ የአባትና የእናት፥ የልጆችና የገንዘብ ቦርሳም ነገር ነውና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። አሜሪካኖች ይህን ፉርጎ በቋንቋቸው ከጉልላት ጋራ አያይዘው ይጠሩታል፤ እኛም «ባለ ጉልላት ፉርጎ» ብንለው የሚስማማ መስሎናል። በአገራችን ጉልላት ማለት በቤተ ክርስቲያን ጣራ ጫፍ ላይ የሚቆመው ጌጥ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ሰው አይቀመጥበትም። ይህኛው ግን ከፉርጎው ጣራ በላይ ብቅ ያለ፥ ዙሪያውም ክዳኑም መስተዋት የሆነ፥ ጥቂት ደረጃዎች ተወጥቶ የሚገባበት፥ ብዙውን ጊዜ 24 ሰው የሚያስቀምጥ ሰገነት ነው። በዚያ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ የተሰለፉትን ፉርጎዎች ጣራ ከበላይ እያየ፥ ባቡሩ ወዴት እንደሚታጠፍ ከነጂው ጋራ አብሮ ያውቃል።

አሳቡ ድንገት የመጣ አይደለም። በአሜሪካ የዕቃ ባቡር መጨረሻ ላይ በሚቀጠለው የሠራተኞች ፉርጎ ጣራ ላይ ትንሽ ማማ ትሠራ ነበር። ገበሬ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ እንደሚወጣ፥ የባቡሩም ሠራተኛ በዚያች ማማ ተቀምጦ ከፊቱ ያሉትን ፉርጎዎች ይጠብቅ ነበር፤ ከመንኰራኵር ጢስ ሲወጣ ወይም ጭነት ሲያዘነብል ያየ እንደ ሆነ ባቡሩ እንዲቆም ያደርጋል። ለመንገደኛም እንዲህ ያለ ማማ ይሠራለት ያለ ሰው አልታጣም። በ1891 ዓ.ም. በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ የሚኖር ማክብራይድ የተባለ ሰው በጣራው ላይ የመስተዋት ማማዎች ያሉበትን ፉርጎ ነድፎ፥ ሥዕሉ «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ወጣ። ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮም የካናዳ ፓሲፊክ ምድር ባቡር ኩባንያ በተራራማው አገር የሚሄዱ ባለ ማማ ፉርጎዎችን ሠርቶ ለጥቂት ዘመን አገልግሎባቸዋል።

ያ ሙከራ ሳይጸና የቀረበትን ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። በዚያ ዘመን ባቡር የሚጐተተው በከሰልና በእንፋሎት ስለ ነበረ፥ ከፍ ብሎ መቀመጥ ማለት ጢሱን አስቀድሞ መቅመስ ማለት ነበር። መስተዋቱ በጥላሸት ይጠቁራል፤ መስኮት ቢከፈት የፍም ብናኝ ይገባል፤ ቢዘጋ ደግሞ ፀሐይ በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠውን ሰው እንደ ምጣድ ትለበልበዋለች። እንግዲህ ሰገነቱ እንዲቆም አስቀድሞ ሁለት ነገር መገኘት ነበረበት፤ አንዱ ጢስ የማይተፋ የባቡር መኪና፥ ሁለተኛው አየሩን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ።

ሁለቱም የተገኙት በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። በ1934 ዓ.ም. ሜይ 26 ቀን ቺካጎ በርሊንግተንና ኩዊንሲ የተባለው ኩባንያ «ዜፊር» የሚባለውን አዲስ ባቡር ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ሰደደ። አካሉ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፥ የሚጐተተውም በዲዜል ሞተር ነበረ። 1,600 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድ በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ጨርሶ አገሩን ሁሉ አስደነቀ። ዜፊር ማለት በግሪኮች ተረት የምዕራብ ነፋስ ስም ነው። በእነዚሁ ዓመታት አየር የሚያቀዘቅዙ መሣሪያዎች በመንገደኞች ፉርጎ ውስጥ መግባት ጀመሩ። ዕቃው እንግዲህ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጐደለው ሁለቱን አገናኝቶ የሚያይ ዐይን ነው።

ያን ዐይን ያገኙት ሚስተር ሳይረስ ኦስቦርን ናቸው። እኒህ ሰው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንትና የዲዜል ባቡር መኪና የሚሠራው ክፍል ኀላፊ ነበሩ። በ1944 ዓ.ም. በጦርነቱ ዘመን፥ ኩባንያቸው የሠራው መኪና በሥራ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከነጂው ጋራ ተቀምጠው በኮሎራዶ ግዛት በግሌንውድ ሸለቆ አለፉ። ያ ሸለቆ የኮሎራዶ ወንዝ የቆረጠው ገደል ነው፤ ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የገደሉም ቁመት በአንዳንድ ቦታ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ሚስተር ኦስቦርን በነጂው ረዳት ወንበር ሆነው ገደሉ በፊታቸው ሲከፈትና ከበላያቸው ሲያዘነብል አዩ። በኋላ ያሉት መንገደኞች ግን ይህን ሁሉ በጠባብ መስኮት ቈራርጠው እንደሚያዩት አሰቡ። መንገደኞች ከዚያ ወንበር የሚታየውን ቢያውቁት ኖሮ ብዙ ገንዘብ ከፍለው በተቀመጡበት ነበር ማለታቸው ይነገራል። ሶልት ሌክ ከተማ በደረሱ ጊዜ ያሰቡትን በወረቀት ላይ ነደፉት። አንባቢያችን ይህን «ብዙ ገንዘብ ከፍለው» የሚለውን ነገር በልቡ ያኑርልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ንድፉን ተቀብለው በፍጥነት ወደ ሥራ ያወጡት ግን የበርሊንግተኑ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሚስተር ራልፍ በድ ናቸው። ጦርነት ስለ ነበረ አዲስ ፉርጎ ማሠራት አስቸጋሪ ነበር፤ እርሳቸውም በ1940 ዓ.ም. ከተሠሩት ፉርጎዎች አንዱን በኢሊኖይ ግዛት በኦሮራ ከተማ ወዳለው የኩባንያው መሥሪያ ቤት አስገብተው ጣራውን አስቀደዱት። በተቀደደውም ቦታ የመስተዋት ሰገነት ተተከለበት፤ ስሙም «ሲልቨር ዶም»፥ ማለት የብር ጉልላት ተባለ። በ1945 ዓ.ም. በጁላይ ወር፥ የጃፓን ጦርነት ገና ሳያበቃ፥ ከቺካጎ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄደው ባቡር ላይ ተቀጥሎ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሥራውን ጀመረ። መንገደኞቹም እንደ ወደዱት ያስታወቁት በአፍ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ደረጃ ሰው አላጣም። ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በዚሁ መንገድ የሚሄዱትን ባቡሮች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ባለ ጉልላት ፉርጎ ባላቸው አዲስ ባቡሮች ለወጣቸው።

አሠራሩን ጥቂት እንግለጸው። ፉርጎ በዋሻና በድልድይ ሥር ስለሚያልፍ እንደ ልብ ወደ ላይ ሊያድግ አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሰገነቱን ከጣራው ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገው፥ በሥሩ ያለውን ወለል ግን ወደ ሐዲዱ ዝቅ አደረጉት። ሰው ከአንዱ የፉርጎ ጫፍ ወደ ሌላው ለመሄድ በሰገነቱ ጎን በሥር በኩል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል፤ በቀረውም ቦታ እንደ ፉርጎው ዐይነት መታጠቢያ ቤት፥ ወይም ትንሽ የመጠጥ ክፍል፥ ወይም የመኝታ ክፍል ተሠራበት። መስተዋቱ በመካከሉ አየር ያለበት ድርብ መስተዋት ሆነ። አየር የሚያቀዘቅዘውም መሣሪያ ከሌላው ፉርጎ ይልቅ እጅግ ብርቱ መሆን ነበረበት፤ በበረሃ ፀሐይ ላይ መስተዋት አልብሶ ሰውን ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለምና። ይህ መሣሪያ በተበላሸ ቀን ሰገነቱ ባዶ እንደሚሆን መናገር አያሻም።

ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በበኩሉ አሳቡን ለሕዝብ ለማሳየትና የዲዜል መኪናውን ለመሸጥ ሲል፥ ፉርጎዎቹን በፑልማን ስታንዳርድ ፋብሪካ አሠርቶ «የነገ ባቡር» የሚል ስም አወጣለት። አራቱም ፉርጎዎች ጉልላት ነበራቸው፤ አንዱ መቀመጫ፥ አንዱ የምግብ ቤት፥ አንዱ የመኝታ፥ አንዱ ደግሞ በመጨረሻ የሚቀጠል የእንግዳ መቀበያ ነበረ። በ1947 ዓ.ም. በሜይ ወር በቺካጎ ከተመረቀ በኋላ 28 ወር ያህል በአሜሪካና በካናዳ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ታየ፤ የዞረውም ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሕዝቡ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ በጣቢያው ይሰለፍ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ገዝቶ በተራ ሥራ ላይ አዋለው። «የነገ ባቡር» የተባለው ነገር ሁሉ ሲመሽ ትላንት እንደሚሆን ሁሉ፥ ከአራቱ ፉርጎዎች ዛሬ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ ከወዳደቀ ብረት መጣያ ተነሥቶ በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ በሙዚየም ተቀምጧል።

ከባለ ጉልላት ባቡሮች ሁሉ ስሙ የገነነው ግን በ1949 ዓ.ም. ማርች 20 ቀን ሥራ የጀመረው «ካሊፎርኒያ ዜፊር» ነው። ሦስት ኩባንያዎች ተባብረው ከቺካጎ እስከ ኦክላንድ፥ ማለት ሳን ፍራንሲስኮ ፊት ለፊት ካለው ወደብ ድረስ፥ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዱት ነበር። የፉርጎዎቹም ስም ሁሉ «ብር» በሚል ቃል ይጀምር ነበር።

በዚህ ባቡር ነገር እጅግ የሚያስገርመን አንድ ጉዳይ አለ። ወደዚያው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄድ ሌላ ባቡር ነበረ፤ እርሱም መንገዱን በ40 ሰዓት ያህል ይጨርስ ነበር። ካሊፎርኒያ ዜፊር ግን በጠመዝማዛው ተራራ ስለሚሄድ 50 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ነጋዴ ቢሆን ይህን ጉድለት ይደብቀዋል። ሦስቱ ኩባንያዎች ግን አልደበቁትም፤ የሚሸጡት ፍጥነቱን ሳይሆን መንገዱን ስለ ሆነ፥ የጊዜውን ሠሌዳ ያዘጋጁት ባቡሩ የሮኪን ተራሮችና በካሊፎርኒያ ያለውን የፌዘር ወንዝ ሸለቆ በቀን ብርሃን እንዲያልፍ፥ ሜዳውንና በረሃውን ግን ሰው ተኝቶ ሳለ በሌሊት እንዲያልፍ አድርገው ነው። ከቺካጎ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ በማግሥቱ ጧት ዴንቨር ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑ ሁሉ የተራራ ቀን ነው።

በዚያች ጧት በሰገነቱ ላይ የነበረውን ነገር ማሰብ ይቻላል። ባቡሩ ከዴንቨር ወጥቶ ተራራውን ሲጀምር እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በሰገነቱ የተቀመጠ ልጅ የገዛ ባቡሩን ራስ በፊቱ፥ ጅራቱን በኋላው፥ እንደ ብር እባብ ሲታጠፍ ያያል። በሐዲዱ ዳር የቆመው የምልክት መብራት አረንጓዴ ሆኖ ሲጠብቅ፥ የባቡሩ ራስ እንዳለፈው ወዲያው ቀይ ሲሆን ያያል፤ ይህን በጎን መስኮት የሚያይ ሰው አያገኘውም። ዋሻዎቹ ተራ በተራ ይውጡታል። በመጨረሻ በ1928 ዓ.ም. የተከፈተው የሞፋት ዋሻ ይመጣል፤ እርሱም 10 ኪሎ ሜትር ያህል በተራራው ሆድ ውስጥ የተቈፈረ ነው። ከጨለማው ወጥቶ በወዲያኛው በኩል የሚታየው ውሃ ሁሉ ወደ ምዕራብ የሚፈስ ነው። ከዚያም ባቡሩ የኮሎራዶን ወንዝ ተከትሎ ሲወርድ፥ ሚስተር ኦስቦርን ባለፉበት በግሌንውድ ገደል ያልፋል። ሲመሽ ደግሞ ከመስተዋቱ በላይ ያለው ሰማይ ከዋክብት ነው፤ መብራቱ ዝቅ ይደረግና ሰው ድምፁን ቀንሶ ይቀመጣል።

በባቡሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ትሾም ነበር፤ በባቡሩ ስም «ዜፊሬት» ትባላለች። ሥራዋ የሚታየውን አገር በድምፅ ማጉያ ማስታወቅ፥ የራት ሰዓት መመዝገብ፥ ሕፃን የያዘችውን እናት መርዳት፥ ለታመመ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት ነበር። ለሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን በሚዘልቅ መንገድ ልጆች የያዘ ቤተ ሰብ ምን ያህል እንደሚቸገር የሚያውቅ ሰው፥ የዚህችን ሴት ዋጋ አይዘነጋም። ልጆችን የሚያረጋጋ ዋናው ነገር ግን ሰገነቱ ራሱ ነበረ፤ ልጅ የሚሰለቸው ነገር ሳያይ ሲቀር ነውና።

የበርሊንግተንን ሥራ ያዩ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉት። ሳንታ ፌ በ1951 ዓ.ም. ከቺካጎ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚሄደው «ሱፐር ቺፍ» ላይ ባለ ጉልላት ፉርጎ ቀጥሎ፥ በውስጡ አንድ ቤተ ሰብ ወይም ጥቂት ወዳጆች ለብቻቸው የሚመገቡበት ክፍል አሰናዳ፤ በዚህ ባቡር የሲኒማ ተዋንያን ይሄዱበት ስለ ነበረ ክፍሉ ብዙ ወሬ ተወራለት። ዩኒየን ፓሲፊክ በ1955 ዓ.ም. በሰገነቱ ላይ ማዕድ አቀረበ፤ ምግቡ ከታች ካለው ማድ ቤት በትንሽ ማንሻ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሰሜኑን የሚያቋርጡት «ኖርዝ ኮስት» በ1954፥ «ኤምፓየር ቢልደር» በ1955 ጉልላት አገኙ። የካናዳ ፓሲፊክ ኩባንያም በዚሁ በ1955 «ካናዲያን» የተባለውን ባቡር ከሞንትሪያልና ከቶሮንቶ እስከ ቫንኩቨር አስነሣ። ሚልዎኪ የተባለው ኩባንያ ከሁሉ እበልጣለሁ ብሎ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጉልላት የሆነ፥ በላዩ 68 ሰው የሚያስቀምጥ ታላቅ ፉርጎ አወጣ። እኛ ግን ይህ ታላቅነት ነገሩን አሻሽሎታል ብለን አናምንም። በረጅሙ ሰገነት መካከል የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው የሌላውን መንገደኛ ማጅራት ነው፤ የነጂው ወንበር የተባለው ነገር እዚያ ላይ ጠፋ።

ይህ ሁሉ የሆነው በምዕራብ ነው። በምሥራቅ በኩል ዋሻውና ድልድዩ በቀድሞ ዘመን ዝቅ ብሎ ስለ ተሠራ፥ ከሐዲዱም በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለ ተዘረጋ፥ ባለ ጉልላት ፉርጎ ወደ ኒው ዮርክ ሊገባ አልቻለም። ከምሥራቆቹ ኩባንያዎች መካከል ባልቲሞርና ኦሃዮ የተባለው ብቻ በዋሽንግተንና በቺካጎ መካከል ለረጅም ጊዜ ሠራበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ። ሚስተር ኦስቦርን ሰዎች ስለዚያ ወንበር ብዙ ገንዘብ እንደሚከፍሉ ተናግረው ነበር። ኩባንያዎቹ ግን የሰገነቱን ወንበር አልሸጡትም! በካሊፎርኒያ ዜፊር ላይ አምስት ጉልላት፥ በእያንዳንዱም 24 ወንበር፥ በጠቅላላው 120 ወንበር ነበረ፤ ከእነዚህ አንዱም ቲኬት አልተቈረጠበትም። መንገደኛው በታች የተከራየው የራሱ ወንበር ወይም አልጋ አለው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ሲያሻው ነው። ለመኝታ ፉርጎ ተሳፋሪዎች የተለየ ጉልላት ቢኖርም፥ ርካሹን ቲኬት የቈረጠ የገበሬ ልጅም እንደ ባለጸጋው ልጅ የራሱ ሰገነት ነበረው። ወንበሩ በስም ስላልተመደበ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጥበታል፤ ከጧት ጀምሮ ተቀምጦ አልነሣም የሚል ሰውም አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ሰው በየትኛውም አገር ይገኛል።

ይህ ቸርነት ባቡሩን አስወደደው፤ መዝገብ ያዡን ግን አስጨነቀው። 24 ወንበር ለመትከል ከብዙ ወጪ ጋራ የተሠራ ፉርጎ፥ ለሽያጭ የሚያቀርበው መቀመጫ ጉልላት ከሌለው ፉርጎ ያነሰ ነበረ፤ ክብደቱም፥ ማቀዝቀዣውም፥ መስተዋቱን የሚያጥበው ሠራተኛም ሁሉ ገንዘብ ነው። ኩባንያዎቹ ይህን ሳያውቁ አላደረጉትም። ያሰቡት፥ ቤተ ሰቡን ከአውቶሞቢል እናስመልስ ብለው ነው። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት አባት በባቡር ለመሄድ አምስት ቲኬት ይቈርጣል፤ በአውቶሞቢል ለመሄድ ግን አንድ በርሜል ነዳጅ ለአንዱም ለአምስቱም እኩል ነው። በሒሳብ የሚሸነፍ ባቡር ሊያሸንፍ የሚችለው አውቶሞቢል የማይሰጠውን ነገር ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ያም አባትየው ራሱ መሪ ሳይዝ ከልጆቹ ጋራ ተቀምጦ ተራራውን ማየቱ ነው። አሳቡ ብልህ አሳብ ነበር፤ ለጥቂት ዓመታትም ተሳክቶ ነበር።

ነገር ግን በ1956 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት አገሩን ሁሉ የሚያገናኝ ሰፊ የአውቶሞቢል መንገድ በሕግ ወሰነ። በ1959 ዓ.ም. ጀት አይሮፕላኖች ከአንዱ ውቅያኖስ ዳር እስከ ሌላው መንገደኛ ማመላለስ ጀመሩ፤ 50 ሰዓትና 40 ሰዓት እያልን የተናገርነው ልዩነት ከዚያ ወዲያ ትርጉም አጣ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የፖስታ ቤቱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን ከአብዛኞቹ ባቡሮች ላይ አነሣ፤ የብዙ ባቡሮች ጉድለት በዚያ ገንዘብ ይሸፈን ስለ ነበረ ይህ ከባድ ምት ሆነ። የካሊፎርኒያ ዜፊር ነገር በተለይ የሚያሳዝነው፥ እስከ መጨረሻው ድረስ በበጋው ወራት ሰው ሞልቶበት እየሄደ መክሰሩ ነው። ምዕራባዊውን ክፍል ያስኬድ የነበረው ኩባንያ በ1966 ዓ.ም. ባቡሩ ይቅርልኝ ብሎ ለመንግሥት አመለከተ፤ በመጀመሪያ ተከለከለ፤ ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ ተፈቀደለት። በ1970 ዓ.ም. በማርች ወር፥ በ21 ዓመቱ፥ ባቡሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሄደ።

ከሦስቱ ኩባንያዎች አንዱ፥ የኮሎራዶን ተራራ የሚያቋርጠው ሪዮ ግራንዴ፥ ፉርጎዎቹን ይዞ ቀረ። በ1971 ዓ.ም. ሜይ 1 ቀን አምትራክ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ የአገሩን የመንገደኛ ባቡር አብዛኛውን ሲረከብ፥ ሪዮ ግራንዴ አልገባም አለ። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም በሮኪ ተራሮች ላይ አንድ ትንሽ ባለ ጉልላት ባቡር በራሱ ኪሳራ አስኬደ። ይህን እልኸኝነት ጥበብ ነው ብለን አንሟገትለትም፤ ሆኖም እንወደዋለን።

አምትራክም ከየኩባንያው ብዙ ባለ ጉልላት ፉርጎዎችን ወርሶ ነበር፤ ነገር ግን እያረጁ ሄዱበት። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በእነርሱ ፈንታ ሁለት ፎቅ ያላቸውን ከፍተኛ ፉርጎዎች በምዕራብ መንገዶች ላይ አገባ። ከእነዚህም አንዱ መስኮቱ ወደ ጣራው የሚያጎነብስ፥ ወንበሩም ወደ ጎን የዞረ የመመልከቻ ፉርጎ ነው። ካሊፎርኒያ ዜፊር የሚለው ስምም በ1983 ዓ.ም. ታድሶ ባቡሩ ዛሬም በዚያው በሞፋት ዋሻና በግሌንውድ ገደል ያልፋል። ጎኑ በደንብ ይታያል፤ ፊቱ ግን አይታይም። የቀድሞውን የነጂ ወንበር ማየት የሚሻ ሰው በካናዳ ያገኘዋል፤ በ1955 ዓ.ም. የጀመሩት የማይዝግ ብረት ፉርጎዎች እስከ ዛሬ በቶሮንቶና በቫንኩቨር መካከል ይመላለሳሉ። የዛሬዎቹ ተሳፋሪዎች የተቀመጡበት ጉልላት ከብዙዎቹ ዕድሜ ይበልጣል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። በ1950 ዓ.ም. በግሌንውድ ሸለቆ፥ ሚስተር ኦስቦርን አሳቡን ባገኙበት ስፍራ፥ በድንጋይ ቅስት ላይ የብረት ባለ ጉልላት ፉርጎ አምሳል የተቀመጠበት ሐውልት ቆሞ ነበር። ባቡሮቹ ሲያልፉ በሰገነቱ ያሉት ያዩት ነበር። በኋላ ግን ያ በ1956 ዓ.ም. የተወሰነው ታላቅ የአውቶሞቢል መንገድ ወደ ገደሉ ገባ፤ ጠባቡ ቦታም ለመንገዱ አስፈለገ። ሐውልቱም ከስፍራው ተነሥቶ በጎልደን ከተማ ወዳለው የኮሎራዶ የባቡር ሙዚየም ተወሰደ። መንገዱ በ1992 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ዛሬ በዚያ ገደል የሚያልፍ አባት መሪውን ይዞ ፊት ለፊት እየተመለከተ ይነዳል፤ ልጆቹም በጎን መስኮት ያያሉ።